ፍንጭት

ማልሞ፥ የካቲት ነው፤ ንፋሱ ከባሕሩ ተነሥቶ
በቢሮዬ መስኮት ይገባል፥ የላላ ማጠፊያ አግኝቶ።
ዐሥራ አንድ ሺሕ ልጆች ከፊቴ በሰንጠረዥ ተሰልፈዋል፤
ስማቸውን ደጅ ጥለው፥ በቁጥር ተጠቅልለው ገብተዋል።
ትምህርት ቤት የመረጠ ወላጅ "አንድ"፥ ያልመረጠ "ዜሮ"፤
ደንቡን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፥ አምና፥ በዚሁ ቢሮ።

እዚህ ወረፋ የሚያዘው እትብት ሳይደርቅ ነው፤
ለልጁ ስም ሳያወጣ ተራ ያወጣል አባት፥ ካዋላጇ ጎን ቆሞ።
ያልነገሩት ግን በስድስት ዓመቱ ልጁን ይዞ ይመጣል፥
በሩ ከተዘጋ፥ ደክሞ።

ከዜሮዎቹ አንዷን ፍለጋ ሮዘንጎርድ ሄድሁ፤
አሳንሰሩ ቆሟል፤ አምስት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ።
ሚርሳዳ የሆስፒታል ወለል ስትወለውል አድራ ገና መግባቷ ነው፤
እጇ ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል።
ቅጼን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፥ "ለምን አልመረጥሽም?" አልኋት።
"ማን አልመረጠም?" አለች።

ክንዴን ይዛ መስኮቱ ጋ አቆመችኝ፤
"ያውልሽ። ጧት ጧት እዚህ ቆሜ፥ እስከ በሩ አየዋለሁ፤
አንዴ ዞር ብሎ እጁን ያነሣል፤ ያኔ እተኛለሁ።
ማዶ ያለው ምርጥ ነው ይላሉ፤ ይሁን፥ ምርጥ ይሁንላቸው።
ከዚህ ግን አይታይም።"

ልጇ ኤልዲን ደብዳቤውን ከማቀዝቀዣው በር አውርዶ አነበበልን፤
ሦስተኛው ቃል ላይ ተሰናከለ። ቃሉ "እባክዎ" ነበር።
ልጁ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ይህን መስኮት አይሸፍነውም።

አፍሮ ሣቀ። ፍንጭት ነው።
ዐሥር ዓመት ክፍተት ስለካ፥ ክፍተት ሁሉ ጉድለት ሲመስለኝ፥
ለካ ጥርስ ላይ ሲያርፍ ደም ግባት ነው፤ እንዴት ተረሳኝ!

"ያንቺስ ልጅ፥" አለችኝ ሚርሳዳ፥ ደብዳቤውን መልሳ ስትሰቅል፥
"ከመስኮትሽ ይታያል?"
ሁለት አውቶቡስ ነው የልጄ ትምህርት ቤት፤
በአራተኛ ቀኗ ነው ያስመዘገብኋት።
"አይ፥" አልኋት። ሌላ አልጨመርሁላት።

ማታ ቢሮ ተመልሼ፥ ረድፏ ላይ ጠቋሚውን አቆምሁ።
ዜሮውን አጠፋሁት። አንድም ብዬ አልጻፍሁ።
ከላይ አንድ፥ ከታች አንድ፤ መኻሉ ባዶ፥ ነጭ ሆኖ ቀረ፥
እንደ ኤልዲን የፊት ጥርሶች።
ማሽኑ ግን አልሣቀም። በቀይ ጻፈልኝ፦
"የጎደለ መረጃ።"