በሁለት እጅ

ፒትስበርግ፣ ወንዙ ዳር፣ ከአንድ ምድር ቤት ውስጥ
በሰዓት ይከፍሉኛል ኩባያ እንድሰጥ።
ለማን?
ክንዱ ሁለት ሆኖ ፊት ላልተሠራለት፣
ካሜራ እንደ ቁልፍ ደረቱ ላይ ላለበት።

“ቃል አያስፈልገው፤ አሳርፈው አፍህን”
አለች ሱጂን ፓርክ፣ “የሚያነበው እጅህን፣
የትከሻህን ዘንበል፣ የእርምጃህን ርቀት።”
ምን ከባድ ነገር አለው፣ ኩባያ መስጠት?

ቀኜን ዘረጋሁኝ። ግራዬ ሳላዘው
ተነሥቶ መጣና ቀኝ ክርኔን ያዘው።
ሮቦቱ ቆመ።
ጣቶቹ ተከፍተው አየር ላይ ቀሩ፣
ሁለት ቢጫ መብራት ፈራ ተባ እያሉ በሩ።

“በአንድ እጅ” አለች፣ “በቀኝህ ብቻ ዘርጋለት፤
ሌላ ክንድ ሲጨመር መንገዱ ጠፋበት።”
ግራ ገባው ማለቷ ነው።
ደግሞም እውነቷን ነው፤ ግራዬ ነው የገባበት።

ግራዬን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፣ ቆልፌ፤
ኩባያው ሲነሣ ተንጫጫ ቁልፌ።
እዚያም ሆኖ ይነሣል።

እንዴት ልንገራት? እኔም አልተነገረኝ።
ስድስት ዓመቴ ነው፤ አባቴ ላከኝ
ለእንግዳው መነጽሩን እንዳቀብለው፤
በአንድ እጄ፣ እየሮጥኩ፣ ብሰጠው ለሰውየው፣
አባቴ አልተቆጣ፣ ቃልም አልተነፈሰ፤
ዓይኑን ብቻ አነሣ፣ እኔ ላይ መለሰ።
ያ ዓይን ይኸውና፣ አርባ ዓመት ተሻግሮ
ግራዬን ያዝዘዋል፣ ፒትስበርግ አድሮ።

ሦስት ሳምንት ሰጠሁ።
በሱጂን መዝገብ ላይ የእኔ ረድፍ ቀላ፣
“ስህተት” ተብሎ፣ ስህተት፣ ከዚያም ስህተት ሌላ።

በመጨረሻው ቀን ተራው ተለወጠ፦
እኔ እንድቀበል፣ እሱ እየሰጠ።
ቀኙን ዘረጋልኝ ኩባያውን ይዞ።
ግራው ግን
እንደ ሕፃን እግር ተንገዳግዶ፣ ፈዝዞ፣
ተነሣ። ተነሣ፣
ክርኑ ጋ ሳይደርስ ግማሽ ላይ ቆመ።

ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩት።

ሱጂን በሩን ከፍታ እየሮጠች መጣች፤
ስክሪኑን፣ ክንዱን፣ እኔን እያፈራረቀች አየች።
“ከአንተ ወስዶ ነው? ላቆየው?” አለችኝ።
ሕጓን ጠብቄ ቃል ከአፌ አላወጣሁም፤
አንዴ ብቻ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩኝ።

“ምነው?” አለች፣ “ደነገጥክ?”