የዓሣ ደረሰኝ

ከሰኞ እስከ ዓርብ ባንክ ቤት፣ እሑድ ደግሞ ደብር ግቢ፣
በደረሰኝ ጥራዝ ኖርኩኝ፣ የሰው ብር ሰብሳቢ።

ያን እሑድ ጥር ነበረ፤ ከሐይቁ ንፋስ ተነሥቶ
ድንኳኑን እንደ ጀልባ ሸራ ይወጥረው ነበር ሞልቶ።
ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፦ «ስለ ሕንፃው! ስለ ጉልላቱ!
ሃምሳ ሺህ ያለ አለ ወይ? እልል አይልም ወይ ሴቱ!»
ጃንጥላው ስድሳ ሺህ ወጣ፤ አንድ ማሰሮ ማር መቶ ሺህ፤
እኔ እጽፋለሁ፤ ስም፣ ስልክ፣ ከዚህ፣ ከዚያ፣ ሺህ በሺህ።
አቶ ልየው፣ ሊቀመንበሩ፣ ባለ ሆቴል፣ ባለ ሲኖትራክ፣
ስሙ ሦስቴ ተጠራለት፤ ሦስቴ ተነሣ ሊባረክ።
(ክፉ ሰው አይደለም። ይህን ልበል ሳልረሳው።
ልጁ ታሞ ስሎ ነበር፤ ስለት ነው የሚያስነሣው።)

ከግንቡ ሥር፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ሰማያዊ ላስቲክ ወጥረው
የተፈናቀሉቱ አሉ፣ ዓመቱን በሌሊት ቆጥረው።
«ለሕንፃው እይታ» ሲባል ኮሚቴው ሁለቴ መከረ፤
ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩ እኔ ነኝ፤ «ይነሡ» ይል ነበረ።

ይህን ጊዜ እንጉዳይ መጣች፣ ዓሣ ሻጯ፣ በሰው ተጋፍታ፣
በክንዷ ላይ ቅርፊት እንደ ብር፣ ነጠላዋን አጣፍታ፤
ከደረሰኙ ጥራዝ አጠገብ፣ ከብሩ ክምር ላይ፣
አንድ ቆሮሶ አኖረች፤ ዓይኑ ገና ወደ ሰማይ።
«ሌሊቱን ሙሉ ተጥሎ መረቡ ይህን ነው የያዘ፤
ሐይቁ በእንቦጭ ታፍኗል፣ ልቤም በስለት ተያዘ።
በል እንግዲህ ጻፍ፣ በስሜ።»
ብዕሬን አነሣሁና ቀረሁ እንዳነሣሁት፣ ቆሜ።
ዓምዱ ሦስት ነው፦ ጥሬ ብር፣ በባንክ የገባ፣ ቃል የተገባ፤
አራተኛ ዓምድ የለም። ዓሣ በየት በኩል ይግባ?

ሰልፈኛው አጉረመረመ፤ አንዱ አፍንጫውን ሸፈነ፤
አቶ ልየው በትሕትና፦ «እናቴ፣ ሽጠሽው ነይ፤ ይህ መቼ ስጦታ ሆነ?»
«በሰንበት?» አለች እንጉዳይ። «እኔ በሰንበት አልሸጥ።»
ድምፅ ማጉያው ራሱ ዝም አለ፣ ትንፋሹን እንደሚውጥ።

ቄስ ይርዳው ከጥግ ተነሡ፣ ሞራ የጋረዳቸው፤
ዓሣውን ዳብሰው አነሡት እንደ ክርስትና ልጃቸው።
«ወዴት?» አለ ሊቀመንበሩ። «ከአጥር ውጭ» አሉ፤ ወጡ፤
አንድ ዲያቆን መቋሚያቸውን ይዞ፣ ሕፃናት ከኋላ ሮጡ።

አልወጣሁም እኔ፤ እውነቱ ይነገር እንግዲህ፤
ቆጠራው አላለቀም ነበር፤ ታስሬያለሁ እዚህ።
በግንቡ ስንጥቅ ግን አየሁ፦ ሦስት ድንጋይ፣ ፍም፣ አንድ ዓሣ፣
አንዲት ልጅ አጥንት ስትለቅም፣
እንጉዳይ ለሁሉ ስትቆርስ፣ ራሷን ግን ስትረሳ።
ማንም አልጠገበም። ተአምር አልሆነም። አንድ ዓሣ ነው፣ አለቀ፤
ጢሱ ብቻ አጥሩን ዘሎ ከብሩ ክምር ላይ ወደቀ።
ሰኞ ብሩን ባንክ ሳስገባ ባልደረባዬ አሸተተች፤
ከመቶ ብሮቹ መሐል አንዲት ቅርፊት ጎተተች።

ጉልላቱ ዛሬ ቆሟል፤ ያምራል፤ ከጣና ላይ ይታያል።
ላስቲኩ ግን ተነሥቷል፤ «ወዴት ሄዱ?» ሲባል ዝም ይባላል።

ኦዲተር መጥቶ ጠየቀኝ፦ «ገጽ አርባ ሰባት ላይ ምን አለ?
ይህ ደረሰኝ መጠን የለው፤ ስም ብቻ ነው የተጣለ።»
«አንድ ዓሣ፣ ከእንጉዳይ» ይላል፤ የኔ ነው የእጅ ጽሑፉ፤
«ተቀባይ» ከሚለው ፊት ግን ባዶ ነው፤ ቀርቷል መጻፉ።
ደብሩን ልበል? ደብሩ አልበላም። ልጂቱን? ስሟን አልጠየቅኋት፤
ከግንቡ ስንጥቅ ወዲህ ቆሜ እንዲሁ ነው ያየኋት።

«ሰርዘው» ብሎ ቀይ እስክሪብቶ አቀበለኝ፤ ተቀበልኩት።
ውጭ ጥር ነው።
ንፋሱ ገጹን ሊገልጠው ሲል፣ በመዳፌ ያዝኩት።