አቧራው ይቆይ

አዳማ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ማሽላ ይራገፍበት በነበረው መጋዘን
ሥዕል ተሰቀለ ዘንድሮ። ሚዛኑ ጥግ ላይ ቀርቷል፤ እህል ከሌለ ማን ይመዘን?

እኔ ዘበኛው ነኝ። ቀን መጥረጊያ፣ ማታ ባትሪ እይዛለሁ፤
ከዚህ በፊት ግን ሃያ ሁለት ዓመት የከባድ መኪና መሪ ይዣለሁ።
አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፤ ባዶ ስወርድ፣ ጭኜ ስወጣ፣
የማውቀው ሥዕል ቢኖር ጭቃ መከላከያዬ ላይ ያለው ንስር ነው፣
እሱም አንድ ዐይኑ የወጣ።

ሠዓሊዋ ኢፍቱ የመጀመሪያ ቀን ጠርታ፣
«ጋሽ ድንቁ፣ ሌላውን ይጥረጉ፤ ይሄን ግን አደራ፣
እንዳይነኩብኝ። ሥራዬ ራሱ ነው አቧራ» አለችኝ።
ሳቅኩ። የዚህን አገር ንፋስ አታውቀውም ማለት ነው፤
አዳማ ላይ አቧራ የሌለበት ሥራ የማን ነው?

በግራ በኩል የእርዳታ ስንዴ የመጣባቸው ከረጢቶች
ተሰፋፍተው ቆመዋል፣ በር ያልተተወላቸው ቤቶች።
አንዲት ልጅ ከእናቷ እጅ አምልጣ ገባችና ከሥሩ
ጉልበቷን አቅፋ ተኛች።
ሰው አጨበጨበ፤ የትርኢቱ አካል መስሏቸው።
እናትየዋ ግን አፍራ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣
«ይቅርታ» አለች፣ «ለምዳው ነው።»

በቀኝ በኩል በሣጥን ውስጥ አንድ ስልክ አለ።
በየሩብ ሰዓቱ ይጮኻል። ካነሱት፣ የጎረምሳ ድምፅ ብር ይጠራል፣
ዝም ካሉት ይጨምራል።
ተማሪዎቹ እየተሳሳቁ እየተቀባበሉ ያነሱታል።
አንድ ባለ ሱቅ ግን ገና ሲጮኽ ሰምቶ፣
የገባበትን በር አጥቶት ዞረ፤ እኔ ነኝ ክንዱን ይዤ ያወጣሁት።

መሃል ላይ፣ በሽቦ ተንጠልጥሎ፣ የከባድ መኪና የፊት መስታወት።
ሦስት ቀዳዳ አለበት፤ በየቀዳዳው ዙሪያ ስንጥቁ የሸረሪት ቤት።
ከሥሩ ነጭ ወረቀት፤
«ርዕስ የለውም። መስታወት፣ ሽቦ፣ አቧራ።»

ርዕስማ አለው።
በዳሶ ይባላል። ረዳቴ ነበር፣ የአርሲ ልጅ፤
ጎማ ሥር ታኮ የሚያደርገውን ድንጋይ እንኳ «አይዞህ» የሚል፤
መንጃ ፈቃዱ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣
«ዛሬ አንተ ተኛ፣ እስከ ኬላው እኔ ልንዳ» ያለኝ።
እኔም ተኛሁ።

የዚያ መኪና መስታወት ይሁን አይሁን አላውቅም።
ኢፍቱን ስጠይቃት፣ «ከቆራሌው ነው የገዛሁት» አለች፤
«ሲመርጡ፣ እንዲህ ያለ ሰባት ነበረው።»

ባለሥልጣኑ መጣ፤ ሪባን ቆረጠ፣ ተነሳ ፎቶ፣
«ይሄ ሰላምን የሚሰብክ ነው» አለ፣ ማንንም ሳይጠይቅ አይቶ።
አጃቢው መሃረብ አውጥቶ መስታወቱን ሊወለውል እጁን ሲዘረጋ፣
እኔ፣ ጌታዬን «ጌታዬ» ከማለት ውጭ የማልናገረው፣
መጥረጊያዬን ጋረድኩበት፤
«አቧራው ይቆይ። ከሁላችን እዚያ የነበረው እሱ ብቻ ነው።»

ማንም አላጨበጨበም።

ማታ፣ በሩን ቆልፌ፣ ባትሪዬን ወደ መስታወቱ አበራለሁ።
ንፋሱ በቆርቆሮው ሥር እየገባ ያወዛውዘዋል።
ከኋላው ኖራ የተቀባው ግድግዳ ላይ ሦስት ብርሃን ያርፋል፣
ክብ፣ ትንንሽ፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ።
አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ያም ሆኖ
የኔታ ታዬ ጆሮዬን ይዘው ያስተማሩኝን አልረሳሁም፤
ነገር የሚዘጋው በአራት ነጥብ ነው።

እቆጥራለሁ፤ ደግሜ እቆጥራለሁ፤
አንድ ነጥብ ይጎድላል