ሚዛን ያዥ በጅሬን ዳገት

ሐምሌ ነው። ሰማዩ ከጣሪያ ዝቅ ብሎ፣
ጭጋጉ በአዌቱ ድልድይ ላይ ተንጠልጥሎ፣
መቶ አሥራ አንድ ቁጥር፣ በአራት መርፌ ቁልፍ፣
ደረቴ ላይ ሆኖ እንደ ሰነድ ሲጣጠፍ፣
ቆሜያለሁ ከኋላ፣ ከሰልፉ ጅራቱ፣
እጄን በብብቴ ይዤ ገና በጠዋቱ።
ከፊት ያሉት ልጆች ጭቃ ይደልቃሉ፣
ከኋላ ያለነው ጥርሳችን ይጋጫል፤ ነርሶቹ ይስቃሉ።

"ሸሪፋ ሚዛን ያዥ! አንቺም ልትሮጪ?"
አለኝ ባጃጅ ነጂው፣ ያ የሚያውቀኝ ከቆጪ፤
"ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር በዚህ ዝናብ! ለምኑ?"
ልመልስ ስል ፊሽካው ጮኸ፤ ጀመረ ቀኑ።

ሃያ ዓመት ሙሉ መጋዘን ውስጥ ቆሜ
የሰዉን ቡና ክብደት አንብቤ፣ ደግሜ፣
ስልሳ፣ ስልሳ አንድ ተኩል፣ ብዬ ጽፌያለሁ፤
ለእርጥበቱ ቀንሼ፣ ለጆንያው ቀንሼ፣ ፈርሜያለሁ።
ባለፈው መስከረም፣ ሠራተኛው ሲወጣ፣
ሚዛኑ ላይ ወጣሁ፣ ማንም እንዳይመጣ
በሩን ገፋ አድርጌ። ሰማንያ ሰባት።
ጆንያ የለኝም እኔ የምቀንስበት።

ከዚያ ማግስት ጀምሮ፣ ከአዛን በኋላ፣ በጨለማ፣
በልጄ ቱታ ሱሪ፣ ከሰልባጅ በገዛሁት ጫማ።
የግንጆን ውሾች ለመድኋቸው፣ እነሱም ለመዱኝ፤
መጀመሪያ አሳደዱኝ፣ ኋላ እየመሩ ወሰዱኝ።

ፈረንጅ አራዳ ቀላል ነው፤ አስፋልቱ ይወስዳል፣
ሂርማታ ስንደርስ ዝናቡ ይወርዳል፤
በየእርምጃው ጫማዬ ውኃ ይተፋል፣
አይሱዙው ጥሩንባ ነፍቶ፣ ረጭቶኝ ያልፋል።

ከዚያ ወዲያ ጅሬን።

ዳገቱ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣
አንዱን መታጠፊያ ጨረስኩ ስል ሌላ ያፈልቃል፤
በግራ በኩል ቡና፣ በቀኝ በኩል ገደል፣
በመሐል እኔ አለሁ፣ ከራሴ ጋር ስታገል።
ነርሶቹ አለፉኝ፤ አንዷ፣ ቢፍቱ የምትባል፣
"አይዞሽ!" ስትል ዞራ፣ ጭጋግ ድምጿን ይጠቀልላል።
ዝናቡ በአንገቴ ወርዶ ከወገቤ ገባ፤
ጣቶቼ የሰው ሆኑ፤ ዓይኔ ሳያዝን አነባ።

ከስልክ እንጨት እስከ ስልክ እንጨት አንዳንድ ኪሎ ስቀንስ፣
የወንድሜን ብድር ጣልኩት፣ ከመታጠፊያው ሳልደርስ፤
የሥራ አስኪያጁን ፊት ግን፣ "ትንሽ ጨምሪበት" ያለኝን፣
እምቢ ያልኩ ዕለት ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝን፣
እሱን አልጣልኩም። ይዤው ወጣሁ። ከበደኝ።
አንዳንዱ ክብደት ነው ቀጥ አድርጎ የሚያስኬደኝ።

ላስቲክ የተከናነበ አንድ ሽማግሌ
ከአጥር ሥር ሆኖ አየኝ፣ ሲንገዳገድ አካሌ፤
"ወዴት ነው?" አለኝ። "ላይ።" "ላይማ ምንም የለም፤
ጭጋግ ነው ዛሬ" አለ።
አልዋሸም።

ጫፉ ላይ ስደርስ ከተማው የለም፤ ቤተ መንግሥቱም
በነጭ ተውጧል፣ በሩም ሆነ ሰገነቱም፤
አንድ ልጅ ብቻ አለ፣ ኩባያ የያዘ፣
በዚያ ሁሉ ዝናብ ውኃ ሊያጠጣኝ የታዘዘ።

ጠጣሁለት። ሳቅሁ። ሳቁ ጎኔን ወጋው።
ቁልቁለቱ ደግሞ ጭኔን ይዞ አላጋው፤
የዳገቱን ዕዳ ቁልቁለት ሰበሰበ፣
ጉልበቴ ባይናገር ውስጥ ውስጡን ተንገበገበ።

ስታዲየም ስገባ ድንኳኑ ተነቅሏል፣
ወንበሩ በወንበር ላይ አይሱዙ ውስጥ ተቆልሏል፤
ሰዓት ያዡ ልጅ እስክሪብቶውን ነከሰ፣
"መቶ አሥራ አንድ፣ እማማ?" ብሎ ወረቀቱን ዳሰሰ፤
"ሦስት ሰዓት ልበለው? ክብ ቁጥር ነው፤ ምን አለው?"
የሚንቀጠቀጥ እጄ እስክሪብቶውን ከለከለው።
"ሦስት ከአራት ደቂቃ ነው፤ አደራ፣ አትቀንስልኝ።"
ሳቀና ጻፈልኝ።

ውጭ ያ ባጃጅ ነጂ ላስቲኩን ገልጦ ጠበቀኝ፣
"ግቢ!" አለ፤ ልገባ ስል ጉልበት አልታጠፍ አለኝ፤
ቆሜ ቀረሁ በሩ ላይ፣ እንፋሎት ከትከሻዬ ሲወጣ
እያየ ይስቃል እሱ፣ ሌላ ዝናብ ከቦዬ ሲመጣ።