የታረሰ ንጉሥ

ሐይፋ፣ ካርሜል ወገብ፣ ከወደቡ በላይ፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ መብራቱ ደብዛዛ፣ ባሕር በማይታይ፣
አንድ ወንበር አለኝ፤ አንድ ንጉሥ ደግሞ፣
ከመስታወት ኋላ፣ አምስት መቶ ዓመት ወረቀት ላይ ታትሞ።

እኔ እጠብቀዋለሁ፤ እሱ ማንን ይጠብቅ?
ጺሙ ጥምዝ ሐረግ፣ ዘውዱ የግንብ ቅጥር፣
ዓይኑ ከአሳንሰሩ በር ላይ የማይርቅ፤
ሰይፉ በግራ እጁ።
“ግራኝ ኖሯል?” አልኳት ሪማን፣ የወረቀት ሐኪሟን።
ሳቀች። “እንጨቱ ላይ ቀኝ ነው፤
ሲታተም ነው እንጂ እጁ የሚገለበጠው።
ደግሞ ስሚ፦ ይኸው እንጨት፣ በዚያው በአንድ መጽሐፍ፣
ገጽ ዘጠኝ የሰሜን ንጉሥ፣ ገጽ ሰባ የደቡብ፤ ስም ብቻ ነው የሚጻፍ።
ቀራጩ አንዱንም በዓይኑ አላየ፤
ማን ፊት ይጠይቃል ዘውዱ እስከታየ?”

ልክ ሊዘጋ ሲል፣ ተማሪው ሲበተን፣
አፍንጫዬን ለጠፍኩ መስታወቱ ላይ፣ እኔው የምከለክለውን።
ለካስ ስዕል አይደለም፤ ስለት ነው የሄደበት፣
እንጨቱን እየገለበጠ፣ ነጩን ቆፍሮ ጥቁሩን የተወለት።
ግንባሩ ትልም ነው፤ ጉንጩም ትልም በትልም።
በቅንድቡ መሐል ሁለት ነጭ ነጥብ
ነቀዝ የበሳው ነው፤ ነቀዝ ማዕረግ አያውቅም።

አባቴ፣ አገር ቤት፣ ማረሻ ቀጥቃጭ ነበር፤
ቀን ብረቱን ገዝተው፣ ማታ ዓይኑን ፈርተው የሚዞሩት በሌላ በር።
ስንቱን ያሳረሰ፣ ራሱ ርስት የሌለው፤
መሬት እንዳይነካ ያዘዘው የትኛው ንጉሥ እንደሆነ እንኳ የማያውቀው።
መዶሻው ሲነሣ፣ “ሰማይ አይታረስ”፤
መዶሻው ሲወርድ፣ “ንጉሥ አይከሰስ”።

ሰማዩን አላውቅም።

እሑድ፣ ቂርያት አታ፣ በስልክ አሳየሁት፤
የንጉሡን ግንባር በሁለት ጣት ከፍቼ፣ አጉልቼ ሰጠሁት።
“አባዬ፣ ተመልከት፣ ታርሷል!” አልኩ ጓጉቼ፤
ሳቅ ይሁን ዕንባ፣ ምን እንደምጠብቅ እንጃ፣ ፊቱ ላይ አፍጥጬ።

ዘጠና ሞልቶታል። ትልሙን በጥፍሩ ሄደበት፣ ከዳር እስከ ዳር፤
ምስሉ ሸሸበት፤ መለስኩለት፤ እንደገና ጀመር።
ዘውዱን አለፈው። ዓይኑን አላየውም። ስሙን አልጠየቀም።
“ይሄ ስለት” አለኝ በመጨረሻ፣
“ብረቱ የየት ነው? ይህን ሁሉ ሄዶ አልደነዘም?”