ድንኳን ማጠፍ

የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ፣ ቀበቶዬ ላይ ታስሮ፣
አሥራ ዘጠኝ ክረምት ሲንቀጫቀጭ ኖሮ፣
ድምፁን ለይተውታል የቆጪ ልጆች፤
«ዛሬስ ማን ሞተ?» ይሉኛል፣ ቆመው ከደጆች።

መዝገቤ አይዋሽም፦
አግዳሚ ወንበር አርባ፣ ሦስቱ እግር የላቸው፤
ብርጭቆ መቶ ሃያ፣ ሰባት ሲጎድላቸው፤
ማን እንደሰበረ አውቃለሁ፣ አልጻፍኩም፤
በለቅሶ የሰበረ ሰው አይጠየቅም።
ድስቱ ሁለት ወገን፣ የእስላሙ፣ የክርስቲያኑ፣
አንድ ነው ድንኳኑ፤
የጅማ ዝናብ እንደሁ ሃይማኖት አይጠይቅም።

እኔ የዕቃ ሰው ነኝ። የሰው ሰው ሌላ ናት፤
ዘይቱና አባ ዱራ፣ ጉልበቷን የሚያማት።
በቀብር ማግስት አትመጣም፣ ያን ቀን ቤቱ ሙሉ ነው።
ድንኳን ተነቅሎ፣ ዘመድ ተሳፍሮ፣
በአምስተኛው ሳምንት ግቢው ጭር ሲል ነው፣
በር የምታንኳኳው፦ «አምፖላችሁ ተቃጥሏል?»
«ያጽናችሁ» ስትል ሰምቻት አላውቅም፤
አምፖል ትቀይራለች፣ ትቀመጣለች፣ አትመክርም፤
ቢያለቅሱ አታባብል፣ ቢስቁ አትገረም።

ባልና ሚስት ሲኳረፉ ደግሞ ሌላ ዘዴ አላት፤
ሽማግሌ አትሰበስብ፣ ቃለ ጉባኤ የላት።
አምና ባለ ባጃጁን ከድርን፣ ሚስቱን ነጂሃን
ከአዌቱ ድልድይ ማዶ ድረስ ሄዳ ጠራቻቸው፤
«ድንኳኑ ረጥቧል፣ ሳይሻግት ይታጠፍ፤
እኔ ጉልበቴን፣ እሱ ወገቡን…» አለቻቸው።
ወገቤ ደህና ነው። ዝም አልኩ።

ድንኳን ማጠፍ ታውቃላችሁ?
አንዱ በዚያ ጫፍ፣ አንዱ በዚህ ጫፍ፤
ይወጠራል፣ ይራገፋል፣
«ወደ ግራ ሳብ» ካልተባለ ይጠማዘዛል፣
ስለዚህ መናገር ግድ ይላል።
አንድ እጥፍ፣ አንድ እርምጃ። ሌላ እጥፍ፣ ሌላ እርምጃ።
በመጨረሻ ሸራው ያልቃል፣
እጅ እጅን ይነካል።
ዘይቱና ያን ጊዜ ፊቷን ታዞራለች፣
መሬት ላይ የሌለ ካስማ ትፈልጋለች።

ዘንድሮ፣ ሐምሌ ሰባት፣ ተራው የእኔ ሆነ።
አስካለ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ሚስቴ፣ ሞተች።
እኔ ምን አደረግሁ? ዕቃ ቤት ሄጄ ብርጭቆ ቆጠርኩ።
መቶ አሥራ ሦስት። ደገምኩ፣ መቶ አሥራ ሁለት።
እንደገና ጀመርኩ።
ዘይቱና ደጃፉ ላይ እጇን ዘረጋች፤
«ቁልፉን» አለች።
ፈትቼ ሰጠኋት። ወደ ቤት ስመለስ
ማንም እርምጃዬን አልሰማም።

ልጄ ከሚዛን መጣ። አራት ዓመት አልተነጋገርንም፤
ምክንያቱን ብትሉኝ መሬት ነው፤
ድንኳን እንኳ የማታስተክል ቁራጭ።
ሦስቱን ቀን ባንድ አግዳሚ ከዳርና ዳር ተቀመጥን፣
ለቀስተኛ መሃላችን ሲገባ፣ ሲወጣ።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ አባራ።
ዘይቱና በሩ ላይ ቆማለች።
«ጉልበቴን» አለች።
ዘዴዋን አውቃለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አይቼዋለሁ፤
ማወቄ ምንም አልረዳኝ፣ ሄጄ ጫፉን ያዝኩ።
ልጄ በማዶ ያዘ።
«ወደ ግራ» አልኩ።
«የማን ግራ?» አለ።
አራት ዓመት የጠበቅሁት ቃል
ይህ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አጣጠፋችን አያምርም፤ ጠርዙ ወጥቷል፣ መሃሉ አብጧል፤
መዝገብ ላይ ለእንዲህ ያለው ቦታ የለም።

ልጄ ተሳፈረ። ነሐሴ ገባ።
በአምስተኛው ሳምንት፣ አንድ ምሽት፣
የምታነክስ እርምጃ ከአጥሩ ወዲህ ሰማሁ፤
ተነሥቼ መብራቱን አጠፋሁ።
በር ተንኳኳ። «አምፖልህ ተቃጥሏል?»
«አዎ» አልኩ፣ «ግቢ።»