የጠፋው ቁልፍ

ከኮሺትሴ ዳርቻ፣ ትራም ከሚያልቅበት፣
አንድ ትምህርት ቤት አለ፣ እኔ የምጠርግበት።
የሮማኒ ልጆች፣ ጫማቸው የራሰ፣
ብርዱ መስኮት ሰብሮ ሰሌዳው ጋ የደረሰ።

«አንድ ሲካፈል ለአራት?» ይጠይቃል መጽሐፍ፤
አንድም እጅ አልወጣ፣ ክፍሉ ሁሉ እንቅልፍ።

መምህርት ቦዜና አኮርዲዮን አላት፣
ሆዱ የተጣፈ፣ አንድ ቁልፍ የጠፋበት።
ሳበችው።
ቃተተ።
«ረጅም ድምፅ ዳቦ ነው፣ ትኩስ፣ ያልተነካ፤
በጭብጨባ ቁረሱት፣ አራቱም እኩል ይለካ።»
የጠፋው ቁልፍ ጋ ሲደርስ ዜማው ይዋጣል፤
«እቺማ ዜሮ ናት!» ዴዚደር ይቀልዳል።

እኔ ኮሪደሩ ላይ፣ መጥረጊያ ተደግፌ፤
በዜማ ነበረ ፊደል የገባው አፌ።
ያ ዜማ አርባ ዓመት ውስጤ ተኝቶ ኖሮ፣
እግሬ ወለል መታ፣ ሳላዘው፣ ጀምሮ።

ሐሙስ ማታ ሱቅ ውስጥ ከኋላው ቆሜያለሁ፤
ዳቦ ገዝቶ መልሱን ሲቆጥር አያለሁ።
ባለሱቁ ቸኩሏል፤ «ቀጣይ!» ይላል፤ ልጁ
አልሄደም። ባንኮኒውን መታ መታ በእጁ፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ አራተኛዋ የለችም።
«ሩቧ ጎድላለች» አለ፤ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

ሰውዬው ቀና አለ፤ ልጁን አየ፣ እኔን አየ፤
መሳቢያው ጋ እጁ ትንሽ ዘገየ።
ሳንቲሟ ወደቀች፣ ቅጭል! ልጁ ጆሮ ጣለ፤
«የአኮርዲዮኑ ቁልፍ፣
ይቺ ነች» አለ።